ለባንኮክ “የምግብና የቅርስ ጉዞ” ልትከፍሉ ነው? ቆይ አንዴ

በየቴሌግራሙ የሚዞረውን ማስታወቂያ አይታችሁት ይሆናል። የቡድን ጉዞ ወደ ባንኮክ፤ አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ ቁርስና አስጎብኚ በአንድ ዋጋ። ዋጋው ለብቻችሁ የአውሮፕላን ትኬት ብትቆርጡ ከምታወጡት ብዙም አይርቅም። እኔ ከቤተሰቤ ጋር ሄጄበታለሁ። ያስኬደንን ቢሮ ስም እዚህ አልጠራም። አሠራሩን ግን እወቁት፤ የአንድ ቢሮ ብቻ አይደለም።

ዋጋው የረከሰው ቀሪውን ሱቆች ስለሚሸፍኑት ነው። አስጎብኚው ቡድኑን ወደ ጌጣጌጥ፣ ወደ ቆዳ፣ ወደ ላቴክስ ትራስ መሸጫ ይነዳል። ከተሸጠው ላይ ኮሚሽኑን ያነሳል። ታይላንድ ውስጥ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። በተለይ ለቻይና ቱሪስቶች ይሸጡ በነበሩት “ዜሮ ዶላር” በሚባሉ ጉዞዎች ላይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ዘመቻ ከፍቶ ነበር።

አንዱን ቀን ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ “ጠዋት ታላቁ ቤተ መንግሥት” ይላል። አውቶቡስ ውስጥ አስጎብኚው ማይኩን ይዞ “ዛሬ ጠዋት ሥነ ሥርዓት ስላለ ዝግ ነው፣ ከሰዓት እንገባለን” አለ። ይቺ ባንኮክ ውስጥ ያረጀች ማታለያ ናት። ቱክቱክ ነጂዎችም ቤተ መንግሥቱ አካባቢ ቆመው ለአላፊ አግዳሚው ቱሪስት ይህችኑ ይደግማሉ። ቤተ መንግሥቱ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር በየቀኑ ክፍት ነው። በባንኮክ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 ይከፈታል፣ ትኬት መሸጥ የሚያቆመው 9፡30 ላይ ነው።

የወሰዱን የከበሩ ድንጋዮች መሸጫ ነው። በር ላይ ደረታችን ላይ ቁጥር ያለው ስቲከር ለጠፉብን። ቡድኑ የገዛው የሚመዘገበው በዚያ ቁጥር ነው። መጀመሪያ አጭር ፊልም፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ኮካ፣ ከዚያ አዳራሹ። መውጫው ያለው በሌላኛው ጫፍ ነው፤ ስለዚህ በየመደርደሪያው ማለፍ ግድ ነው። አንዷ ሻጭ ከየት እንደመጣን ጠየቀች። ስንነግራት ፊቷ በራ፤ “ኦፓል!” ብላ ከመስታወቱ ስር ትሪ አወጣች። የወሎ ኦፓል! የደላንታን ድንጋይ ባንኮክ ድረስ ሄደን ልንገዛ ነው እንግዲህ። እኛ ሳቅን። ሁሉም ግን በሳቅ አላለፈም። አብራን የነበረች እናት ለልጇ ሠርግ ብላ የሩቢ ቀለበት ገዛች፤ “የዛሬ ብቻ ቅናሽ” ተብላ። አገር ቤት ለሚያውቅ ሰው ስታሳየው የድንጋዩ ስንጥቅ በብርጭቆ የተደፈነ ሆኖ ተገኘ።

ቤተ መንግሥቱ ጋ ስንደርስ ትኬት ቤቱ ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል። ደግሞ የመግቢያው ትኬት በከፈልነው ውስጥ የለም ተባለ። ለውጭ አገር ሰው 500 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው፤ አራት ሆናችሁ ከሄዳችሁ 2000 ባት ማለት ነው። ግማሹ ሰው ውጭ ቀረ። 46 ሜትር የሚረዝመው የተኛው ቡድሃ ሐውልት ያለበትን ዋት ፎ የተባለውን ቤተ መቅደስ ደግሞ ከአውቶቡስ መስኮት አጥሩን አይተን አለፍን። “ቅርስ” የተባለው ይሄው ነው።

ሆቴሉ ደህና ነበር፤ እሱን አልከሰውም።

እኔን ያንገበገበኝ ምግቡ ነው። ባንኮክ እኮ ምግብ መንገድ ላይ የሚበላባት ከተማ ናት። ያዎራት የሚባለው የቻይናዎች ሰፈር ማታ ማታ በምድጃና በጭስ ይሞላል። ቶም ያም ኩንግ የተባለው የሽሪምፕ ሾርባ እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ ላይ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ምግብና ቅርስ ባንድ ሳህን ማለት እሱ አይደል? እኛ ምሳም ራትም የበላነው አውቶቡሶች ተደርድረው በሚቆሙበት ትልቅ የቡፌ አዳራሽ ነው፤ ሩዙ ቀዝቅዞ፣ ቶም ያሙ ቀጥኖ።

የጾም ምግብ አለ ተብሎም ነበር። ያቀረቡት ሥጋ የሌለው ነው፤ እንቁላል ግን አለበት። ጾመኛ ከሆናችሁ ይህን ያዙ፦ እዚያ አገር አትክልት ብቻ የሚመስለው ምግብም የዓሣ መረቅ ወይም የሽሪምፕ ድልህ ይገባበታል። የፓፓያው ሰላጣ ሶም ታምም ያው ነው። የምትፈልጉት “ጄ” የሚባለውን ነው። ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት አለው። ከእንስሳ የመጣ ምንም ነገር የለበትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ሙስሊም ከሆናችሁ የሐላል ምልክት ያላቸው ቤቶች ሞልተዋል፤ የቡድኑ ቡፌ ግን ያንን ምልክት አላሳየንም።

ገና ካልከፈላችሁ፣ የትኛው መግቢያ በዋጋው ውስጥ እንዳለ በስም አስጽፉ። በየቀኑ ስንት ሱቅ እንደሚገባ፣ አልገባም ያለ ሰው ተጨማሪ ይከፍል እንደሆነም ጠይቁ። አስጎብኚው የታይ ፈቃድ እንዳለውም አረጋግጡ፤ በሕጋቸው ይህ ሥራ ለታይላንዳውያን ብቻ የተፈቀደ ነው። እዚያ ደርሳችሁ ግዙ የሚል ግፊት ከመጣ 1155 ደውሉ፤ የቱሪስት ፖሊስ ነው፣ በእንግሊዝኛ ያናግራችኋል። ውሉ ላይ “ፕሮግራሙ እንደ ሁኔታው ሊለወጥ ይችላል” የምትል መስመር ካለች፣ ወይ ይሰርዟት ወይ ቅድመ ክፍያውን አትልቀቁ።