ቦንጎ ሲገዙ፦ የተፈጥሮ ቆዳ ወይስ ሰው ሠራሽ?

ቦንጎ (ጎን ለጎን የተያያዙ፣ በእጅ የሚመቱ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ከበሮዎች) ሊገዛ ሱቅ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በእንጨቱ ቀለምና በቫርኒሹ ላይ ነው። ድምፁን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን የተወጠረው ቆዳና ቆዳውን ወጥሮ የያዘው ብረት ነው። ገንዘቡም መዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው።

የተፈጥሮ ቆዳ (አብዛኛውን ጊዜ የላም ወይም የጎሽ) ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ለጣትም ይመቻል። ቦንጎ ምሥራቅ ኩባ ተወልዶ ሶን በሚባለው የኩባ ሙዚቃ ያደገው በዚህ ድምፅ ነው። ችግሩ የአየር ጠባይ ነው፤ እርጥበት ያላላዋል፣ ድርቀት ይወጥረዋል። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ ዝናብ ጠበቅ ተደርጎ የተቃኘ ቆዳ በጋው ሲገባ ያለ ልክ ተወጥሮ ከጠርዙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ተጫውተው ሲጨርሱ ብሎኖቹን በእኩል መጠን ማላላት ግድ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውማ ቆዳውን መጨረስ ነው።

ሰው ሠራሹ ዝናብም ሐሩርም ቅኝቱን እምብዛም አይለውጠውም። ድምፁ ስለታምና ጎላ ያለ ስለሆነ ከኪቦርድና ከጊታር መሀል ተለይቶ ይሰማል፤ በየአዳራሹና በየሜዳው ለሚጫወት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በጠባብ ክፍል ወይም ማይክ ተጠግቶ ሲቀረጽ ግን ከምቱ በኋላ የሚቀር ሹል ማስተጋባት ያበዛል።

ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ለከበደው የእኛ ምክር ማደባለቅ ነው፦ ትንሹ (ማቾ) ላይ ሰው ሠራሽ፣ ትልቁ (ኤምብራ) ላይ የተፈጥሮ ቆዳ። ምክንያቱ ከአጨዋወቱ ይመነጫል። ማርቲዮ የሚባለው መሠረታዊ ምት ስምንት ምቶች አሉት፤ ሰባተኛው ብቻ ትልቁ ላይ ያርፋል፣ የቀሩት በሙሉ ትንሹ ላይ ናቸው። ትንሹ በጣም ከፍ ተደርጎ ስለሚቃኝም የአየር ለውጥ ቶሎ የሚያበላሸው እሱን ነው።

አካሉን በተመለከተ እንጨት ለስላሳ ድምፅ አለው፤ ፋይበር ግላስ ይጮኻል፣ አይሰነጠቅም።

ብረቱ ላይ አይቸኩሉ። ቆዳውን ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት ጠርዙ ክብ ሆኖ የታጠፈ ከሆነ ጣትን አይጎዳም፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ጀማሪን ቶሎ ያቆስላል። ቆዳው በሚስማር የተመታ፣ ብሎን የሌለው ቦንጎ በእሳት ሙቀት ካልሆነ አይቃኝም፤ ርካሽ ቢሆንም ይለፉት። መደበኛ መጠኑ ትንሹ 18፣ ትልቁ 21.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ሱቁ ውስጥ ጉልበትዎ መሀል ይያዙት፤ ቀኝ እጅ ለሚቀናው ትንሹ በግራ በኩል ይሆናል። በመፍቻ እያንዳንዱን ብሎን ሩብ ዙር፣ ትይዩውን እያስከተሉ ያጥብቁ። ከዚያ በየብሎኑ አጠገብ ቆዳውን በጣት መታ መታ ያድርጉ። ማጥበቅና ማላላት እየተፈራረቀም አንዱ ቦታ ከሌላው ድምፁ ካልገጠመ ቀለበቱ ተጣሟል ወይም አካሉ ክብነቱን አጥቷል፤ ይህን ደግሞ ቆዳ መቀየር አያስተካክለውም።

ሙላቱ አስታጥቄ የላቲን ከበሮዎችን ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር ያዋሃደበትን ድምፅ ፈልገው ከሆነና ባንዱ ውስጥ ሌላ ከበሮ መቺ ከሌለ፣ ከቦንጎ በፊት ኮንጋ (ረጅምና ድምፁ ወፍራም የሆነ የእጅ ከበሮ) ይግዙ። ቦንጎ ከላይ የሚያጌጥ ቀጭን ድምፅ ነው፤ የታችኛውን ምት ብቻውን አይሸከምም።