ኮንትሮለር ይሻላል ወይስ እውነተኛ ዕቃ?

ደሴ ፒያሳ ላይ የቪአር (መነጽር አጥልቀው በምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚጫወቱበት) ጌም ቤት ሊከፍት ያሰበ ጓደኛዬ ጠየቀኝ፦ ደንበኛው ኮንትሮለር (ቁልፎች ያሉት የእጅ መቆጣጠሪያ) ይያዝ ወይስ በመነጽሩ በሚያየው ነገር ቦታ ላይ የተቀመጠ እውነተኛ ጣውላ፣ ወንበርና የገዛ እጁን ይጠቀም?

ዋጋ፦ ኮንትሮለሩ ከመነጽሩ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ኩዌስት 2 የሚባለው የሜታ መነጽር ከሆነ ለእያንዳንዱ አንድ ቀጭን ባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። ጣውላና ወንበር ከሰፈር አናጺ።

ስሜት፦ እዚህ ላይ ዕቃው በብዙ ይበልጣል። ኮንትሮለር ይንቀጠቀጣል እንጂ የያዝከውን ነገር ክብደት አይሰጥህም። በመነጽሩ ገደል እያየህ በእግርህ ጣት የጣውላውን ጠርዝ ስትዳስስ ግን ጉልበትህ ይርዳል። ጣውላው ከወለሉ አራት ጣት ቢሆን ነው! ሰውነት ይህን አይሰማም።

አደጋ፦ ወንበሩ አንድ ስንዝር ከተንሸራተተ በመነጽሩ የሚታየው ወንበር ግን ከቦታው አይነቃነቅም። እኔ ተቀመጥኩ ብዬ ወለሉ ላይ ተዘርግቻለሁ።

ባዶ እጅ፦ የሚከታተለው ካሜራ ነው፤ ክፍሉ ከጨለመ ወይ እጅህ ከጀርባህ ከሄደ ይጠፋበታል።

ለአላፊ አግዳሚ ደንበኛና ለጠባብ ክፍል ኮንትሮለር ይሻላል። ኮምቦልቻ ላይ ብየዳ ለማሠልጠን ከሆነ ግን እጅ የመበየጃውን መያዣ ክብደት መልመድ አለበትና ዕቃው ያዋጣል።