ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው አሮጌ መጽሐፍ ቤት፡ ኪራዩም ስድቡም ርካሽ ነው (ከ5 ኮከብ 4)

ታፔላ የለውም፣ በሩ ላይ የድሮ መጽሔት በልብስ ማስጫ ገመድ ተሰቅሎ ካያችሁ እሱ ነው። ጠባብ ነው፣ ውስጥ ሁለት ሰው ካለ ሦስተኛው ውጪ ይጠብቃል። ልብወለዱ፣ የተማሪ መጽሐፉ፣ ምናምኑ እንደየትም ቦታ ነው፣ ዋጋውም ያው ነው፣ ስለሱ ብዙ አልልም። እኔ ሰው እንዲሄድ የምፈልገው ከጀርባ ላለው የፖለቲካ መደርደሪያ ነው።

ባለቤቱን ደንበኛው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። መደርደሪያውን በደራሲ ወይ በርዕስ አይደለም ያስቀመጡት፣ በመንግስት ነው፣ የጃንሆይ፣ የደርግ፣ የኢህአዴግ፣ ከዛ አንድ ጥግ ላይ "ያሁኑ"። በራሪ ወረቀት አለ፣ የውይይት ክበብ መማሪያ አለ፣ የስልጠና ሰነድ አለ፣ ሌላ ቦታ ሰው የስኳር መጠቅለያ ያደረገው ነገር ሁሉ እዚህ ተሰብስቧል። መግዛት ካልፈለጋችሁ ማከራየትም ያከራያሉ፣ የመጽሐፉን ዋጋ መያዣ ታስይዙና በቀን 10 ብር። እና ሂሳብ ሲቀበሉ ምን ይላሉ መሰላችሁ፣ "እንግዲህ ኪራይ ሰብሳቢ ነኝ፣ ገምግሙኝ"። ሁሌም ይሉታል ግን እኔ ሁሌም ያስቀኛል።

ምክንያቱም ኪራይ ሰብሳቢ የሚለው ነገር መጀመሪያ ደረቅ የኢኮኖሚክስ ቃል ነበር እኮ፣ አን ክሩገር የምትባል አሜሪካዊት ኢኮኖሚስት በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣችው፣ ሰው ምንም ሳያመርት በፈቃድና በኮታ ብቻ ሲያተርፍ ለማለት ነው፣ በቃ ይሄው ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ግምገማ ውስጥ ገባ። ከ1993ቱ የኢህአዴግ ተሃድሶ በኋላ ያሉትን የስልጠና ወረቀቶች ገለጥ ገለጥ አድርጉ፣ አገሩ በሙሉ ልማታዊና ኪራይ ሰብሳቢ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። አንድ ሰራተኛ "የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ይታይበታል" ከተባለ ምን ሰረቀ፣ ምን አጠፋ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ እድገቱ እዛው ቀረ። የሚገርመው ልማታዊ ራሱ አለመትረፉ ነው፣ ለሙገሳ የወጣ ቃል ነበር፣ አሁን አንዱን ጋዜጠኛ ልማታዊ ነህ በሉት እስኪ፣ ሰላምታ ያቆማል።

እዛ ቆሜ ሳገላብጥ የገባኝ ነገር፣ ቃልን ስድብ የሚያደርገው ማህተም ነው። ማህተም የያዘ ሰው ሲጠራችሁ ቃሉ ይዟችሁ የሚሄድበት ቦታ አለው፣ ከስራ፣ ከቀበሌ ቤት፣ አንዳንዴም ከሕይወት። ማህተሙ ከእጁ ሲወጣ ቃሉ ሻይ ቤት ይወርድና ቀልድ ይሆናል። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ የቋንቋ ምሁር ካለ ያርመኝ።

የደርጉን ክፍል እዩ። በ1969 እና 70 አናርኪስት ማለት ኢህአፓ ማለት ነበር፣ ኢህአፓ ደግሞ የለየለት ማርክሲስት ሌኒኒስት ፓርቲ ነው፣ መንግስት የሚባል ነገር ከነጭራሹ ይጥፋ የሚለው የአናርኪስት ሃሳብ በሰፈሩም አላለፈም። ግን ያኔ ትርጉም ማን ይጠይቃል፣ ቃሉ የተለጠፈበት ልጅ ማታ ከቤቱ ይወሰዳል (መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያላየ ካለ ከሱቁ በእግር ይደረሳል፣ በዛው ይሂድ)። የተከራየሁት የውይይት ክበብ መማሪያ ላይ "አድኃሪ" የሚለው ቃል ተሰምሮበት ከጎኑ በእርሳስ "የኛ ቀበሌ ሊቀመንበርስ?" ተብሎ ተጽፏል፣ ከዛ በላጲስ ጠፍቷል፣ ግን ወረቀቱን ወደ መብራት ዘንበል ሲያደርጉት ይነበባል። ጻፈና ፈራ። የመማሪያውን ዋጋ ለዚች መስመር ብቻ ብከፍል አይቆጨኝም ነበር። ፊውዳል ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ ጋሻ ሙሉ መሬት የሚያስነጥቅ ስም ነበር፣ ዛሬ ፊውዳል የሚባለው ልጁን "ከ12 ሰዓት በኋላ አታምሺ" የሚል አባት ነው።

ካድሬ ግን ሌላ ነው፣ መንግስት በተቀየረ ቁጥር አብሮ እየተቀየረ አልሞት ብሏል። ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ክፈፍ እንደማለት፣ የፎቶ ፍሬም በሉት። አንድ ቅዳሜ እዛው ሱቅ በር ላይ አንድ ሽማግሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ሲያሞግሱ አንድ ተማሪ የሚመስል ልጅ ሰማቸውና "አባባ፣ ይሄ እኮ የካድሬ ወሬ ነው" አላቸው። ሽማግሌው ቅር እንኳን አላላቸውም። "ልጄ፣ ካድሬ ነበርኩ እኮ፣ የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው የተማርኩት፣ ፔሮሉ ላይ ሁሉ ካድሬ ነው የሚለው።" ልጁ ደንግጦ ይቅርታ ሲል "ይቅርታው ለምኑ ነው?" አሉና ትንሽ ቆይተው "በኛ ጊዜ ካድሬ ሲገባ ሰው ከወንበሩ ይነሳ ነበር፣ ወዶን እንዳይመስልህ" አሉት። ከዛ ሁለቱም መጽሐፋቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ፣ ጋሼም ምንም አላሉ።

በነገራችን ላይ እኛ ብቻ አይደለንም፣ እዛው በሩ ላይ ከተሰቀሉት የአሜሪካ መጽሔቶች አንዱ የ1988 እ.ኤ.አ. ምርጫ ነው፣ ቡሽ ተፎካካሪውን ዱካኪስን ሊበራል ነው እያለ የሚያሳጣበት። ሊበራል!

"ያሁኑ" የተባለው ጥግ ባዶ ለማለት ይቀላል፣ አሁን ስድቡ ሁሉ ፌስቡክ ላይ ስለሆነ ወረቀት አይታተምለትም። እዛ ጋ ስቆም ሁሌ የማስበው ጁንታን ነው። ስፓኒሽ ነው፣ ምክር ቤት፣ ኮሚቴ ማለት፣ ደርግም ግዕዝ ነው፣ እሱም ኮሚቴ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ኮሚቴ ሰው ማስፈራሪያ አደረግን። የትግራይ ጦርነት ከጀመረበት ከጥቅምት 2013 በኋላ ደግሞ ጁንታ የሚለው ቃል ህወሓት ላይ ብቻ አልቀረም፣ ፖለቲካ ውስጥ የሌለበት፣ ሻይ ሸጦ ታክሲ ነድቶ የሚያድር ትግርኛ ተናጋሪ ላይ ሁሉ ተለጠፈ። ይሄኛው ገና ቀልድ አልሆነም። ስለሱ ወሬ ስጀምር ጋሼ "እሱን ጥግ ገና አላስተካከልኩትም" ብለው የቤተሰቤን ደህንነት ጠየቁኝ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። አቧራው አይጣል ነው፣ ሳይነስ ያለበት ማስክ ያድርግ። የደርግ ጊዜ ወረቀቱ ይፈረፈራል፣ ስለዚህ ስትከራዩ እዛው ቆማችሁ ገጹን ቁጠሩ፣ እኔ የወሰድኩት ላይ ኢምፔሪያሊዝም የሚለው ምዕራፍ ግማሹ የለም፣ ስመልሰው ደግሞ "አንተ ጋ ነው የጠፋው?" ተብዬ ተጠየቅኩ፣ መጨረሻ ላይ መያዣዬን ሙሉ መለሱልኝ ግን ጥያቄው ደስ አላለኝም። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም፣ በደብተር ነው የሚመዘግቡት። በቴሌብር ለግዢ ይቀበላሉ፣ መያዣ ግን በካሽ ብቻ። ጠዋት 3 ሰዓት እንከፍታለን ይላሉ፣ እናንተ 4 ሰዓት ሂዱ። እሁድ ዝግ ነው።