አሥሩንም ቁልፎች ወደ ዜሮ የመለሱልኝን ባለሙያ ላመስግን

ሦስት ወር ሙሉ ከኢኳላይዘሬ ጋር፣ ማለትም የሙዚቃውን ወፍራምና ቀጭን ድምፆች በአሥር ቁልፎች ለየብቻ ከሚጨምረውና ከሚቀንሰው መሣሪያ ጋር፣ ስታገል ከረምሁ። ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ቢቀጥንብኝ እርሱን የሚቆጣጠሩትን የ63 እና የ125 ሄርዝ ቁልፎች እስከ ጥግ፣ ማለትም 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ከፍ አደረግሁ። ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን መሰለ። እርሱን ለማውጣት የቀጭኑን ድምፅ ቁልፍ፣ 4 ኪሎ ሄርዙን፣ ጨመርሁ፤ ጆሮዬን ይወጋኝ ጀመር። ቤተሰቤ «ዝጋው» ማለት ከጀመረ ቆይቷል።

በመጨረሻ የጠራኋቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለው የድምፅ ባለሙያ እንደ ገቡ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ አሥሩንም ቁልፎች ወደ ዜሮ፣ ማለትም ምንም ወደማይጨምሩበትና ወደማይቀንሱበት ቦታ፣ መለሷቸው። የሦስት ወር ልፋቴ በአሥር ሰከንድ ሲጠፋ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ከስፒከሮቹ ጀርባ ጎንበስ ብለው የግራውን ገመድ አዩና ሳቁ። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተገላብጦ ታስሯል! (ያሰርሁት እኔው ነኝ።) አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እኔ ደግሞ ይህንን ለማካካስ አምፕሊፋየሩን በእነዚያ ድምፆች ላይ 16 እጥፍ ኃይል ስጠይቀው ኖሬአለሁ፤ 12 ዴሲቤል ማለት ያ ነው። ስፒከሮቹ አለመቃጠላቸው ተአምር ነው።

ገመዱ ሲስተካከል ባሱ መጣ፤ እንዲያውም በዛ። አሁንም ኢኳላይዘሩን አልነኩም፤ ስፒከሮቹን ከግድግዳው ማዕዘን አራቋቸው። በመለኪያ ማይክሮፎን ሲያዩ 125 ሄርዝ ላይ የቀረች እብጠት (ድምፁ ከልክ በላይ የሚጎላበት ቦታ) ነበረች፤ እርሷን 4 ዴሲቤል ቀነሷት። እኔ ግን ዓይኔ ከአጠገቧ ባለችው ጉድጓድ (ድምፁ በሚደክምበት ቦታ) ላይ ስለ ነበር «እርሷንስ ከፍ ቢያደርጓት?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ይህ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ የሚያጠፋው ነው። ስትጨምር ያም አብሮ ይጨምራል። ይልቅ ሶፋህን ከግድግዳው አርቀው» አሉኝ። ግማሽ ሜትር ያህል ሳብነው፤ ጉድጓዷ ሞላች።

ሲጨርሱ ኢኳላይዘሩን እያበሩና እያጠፉ አሰሙኝ። ከዚያ በፊት ሲበራና ሲጠፋ ያለውን የድምፅ መጠን እኩል አድርገው ነበር፤ ጮክ ያለው ሁሌም ያማረ ስለሚመስል። ከአሥሩ ቁልፎች የተነካችው አንዷ ብቻ ናት።

ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር ግማሽ ቀን መፍጀታቸው ነው፤ የሚቸኩል ሰው አይጥራቸው። እኔ ግን ከልብ አመሰግናለሁ። ስልካቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ።