ፒካፓችሁን «ወደ ኤታኖል እንቀይርላችሁ» ለሚሏችሁ ቀብድ አትስጡ

ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የቤንዚን ፒካፕ የምትነዱ ወገኖች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለቤንዚን ሌሊቱን ሰልፍ ይዞ የሚያድር፣ ሲብስበትም ከመንገድ ዳር በጀሪካን በውድ የሚገዛ ሰው «በኤታኖል ይሠራል» ሲባል ልቡ ቢነሣሣ አይፈረድበትም። የሚቀርበው ውል ግን እንዲህ ነው፦ አንዲት ትንሽ ሳጥን ትገጠማለች ወይም የካርቡራተሩ ጄት፣ ማለትም ነዳጁን ለክታ የምታሳልፈው ባለ ቀዳዳ ትንሽ ዕቃ፣ ይሰፋል። ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል። ኤታኖሉን ራሳቸው በጀሪካን ያመጣሉ፤ «ከጠፋም ዳግም አረቄ ይሠራል» ይላሉ። ግማሹ ገንዘብ ደግሞ በቅድሚያ ነው። በዚህ ውል የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባለ መኪናው።

በኤታኖል የሚሄድ መኪና ውሸት አይደለም። ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1979 ፊያት 147 በኤታኖል እንዲሄድ ሆኖ ከፋብሪካ ወጥቶ ተሸጧል። እዚያ ግን መኪኖቹን የሠሯቸው ፋብሪካዎች ካርቡራተሩን በኒኬል ለበጡ፣ የሞተሩን እመቃ (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየርና ነዳጅ የሚታመቅበትን መጠን) ከፍ አደረጉ፣ ለጧት ማስነሻ ትንሽ የቤንዚን ጋን ጨመሩ። ጥራቱ የተለካ ኤታኖልም በየማደያው ይቀዳል። በእኛ አገር ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኤታኖል እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ሆኖ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የመተሐራው ሲጨመር 10 በመቶ ደረሰ። ያን ያህሉን አብዛኛው መኪና ምንም ሳይነካ ይችለዋል። ባሕር ዳር ላይ ግን ንጹሕ ኤታኖል የሚቀዳ ማደያ የለም። ውሉ ከዚሁ ይጀምራል መበላሸት፤ የሚሸጡላችሁ ለውጥ ለሌለ ነዳጅ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ሊትር ኤታኖል ውስጥ ያለው ኃይል ከአንድ ሊትር ቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። በቤንዚን በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፒካፕ በኤታኖል 7 ቢሄድ ጥሩ ሄደ ይባላል። 50 ሊትር ሞልታችሁ ጎንደር ደርሳችሁ ልትመለሱ ብትነሡ፣ ደርሶ መልሱ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መግቢያችሁ ላይ ጋኑ ባዶ ነው ማለት ነው፤ ጭነት ካለማ አትደርሱም። እንግዲህ ቤንዚን በሊትር 100 ብር ነው ብለን ብናስብ፣ ኤታኖሉ ከ70 ብር በታች ካልተገዛ ትርፍ የለውም። ያም የመቀየሪያውን ዋጋ ሳንደምር ነው። ሻጩ በሊትር ስንት እንደሚያቀርብና ዋጋው እስከ መቼ እንደማይነካ በጽሑፍ ይስጣችሁ ብላችሁ ጠይቁ። የሚፈርም ካገኛችሁ ጥሩ ነው።

«ኤታኖል ኦክቴኑ ከፍተኛ ስለሆነ ጉልበት ይጨምራል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ኦክቴን፣ ማለትም ነዳጁ ሲታመቅ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን እንዳያንኳኳ የመቋቋም አቅሙ፣ ጥቅም የሚሰጠው እመቃው ከፍ ያለ ሞተር ላይ ነው፤ ወደ 12 ለ 1 የሚጠጋ ማለት ነው። የድሮው ካርቡራተር ቶዮታ 22አር 9 ለ 1 ነው። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ ሞተሩ ቤንዚን ላይም ቢሆን እምብዛም አያንኳኳም። ቴስታታው ወርዶ እመቃው ካልተጨመረ በስተቀር ያ ኦክቴን ሥራ ፈት ነው።

አሁን ጄቱ ጋ እንምጣ፤ ትልቁ ተንኮል እዚህ ነው። ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ ኤታኖል 9 ኪሎ ብቻ። ስለዚህ በዚያው አየር ውስጥ በሊትር ሲሰላ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ነዳጅ መግባት አለበት። በጄት ቋንቋ፣ ቀዳዳው 1.10 ሚሊ ሜትር የነበረ ዋና ጄት ወደ 1.35 ይሄዳል። ዋናው ጄት ብቻውን ግን አይበቃም። የሚኒሞው ጄትና ፔዳል ሲረገጥ ነዳጅ የሚረጨው ትንሽ ፖምፓ አብረው ካልተስተካከሉ መኪናው መብራት ላይ ይጠፋል፤ ነዳጅ ስትሰጡት ይደናቀፋል። ይህን ሁሉ በልኩ የተሠራ ጄት በመቀየር ማድረግ ይቻላል። እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉት ግን የነበረውን ጄት በእጅ መሰርሰሪያ ማስፋት ነው። ቀዳዳው ክብነቱን ያጣል፤ አንዴ የሰፋ ደግሞ አይጠብም። ኤታኖሉ አልቆ ወረታ ላይ ቤንዚን ብትቀዱ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ የተረፈው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። መመለሻ የሌለው መንገድ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ያለ ኤታኖል አትሄዱም፤ ኤታኖሉ ደግሞ በአንድ ሰው እጅ ነው።

ኢንጄክተር ላለው ፒካፕ የምትገጠመው ሳጥን የምትሠራው ኢንጄክተሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ማርዘም ነው። በነዳጁ ውስጥ ምን ያህል ኤታኖል እንዳለ የሚለካ ሴንሰር ከሌላት ግን በግምት ነው የምታረዝመው። የመኪናው ኮምፒውተር በራሱ የሚያስተካክለው ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህል ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የሞተር መብራት ይበራል፣ ዳያግኖስቲክ ላይም «ፒ0171» የሚል ኮድ ይወጣል። ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። መብራቱን በየጊዜው እያጠፉ መንዳት የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ማቃጠል ነው፤ አንድ የተቃጠለ ቫልቭ ደግሞ ቴስታታ ያስወርዳል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት፦ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ አጥንት መስሎ ከነጣና ጫፉ ከቀለጠ ወዲያው አቁሙ።

የሚገርመው፣ በእነሱ ውል ውስጥ ስለ ጎማና ብረት አንድም ቃል የለም። ኤታኖል ለድሮ መኪና የነዳጅ ቱቦ ጠላት ነው። ተራው ጎማ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፤ የፖምፓው ዲያፍራምና የቡሽ ጓርኒሲዮን እንዲሁ። መቀየር ያለባቸው ኤታኖልን በሚችሉት በቫይተን ጎማ ወይም በቴፍሎን ነው። የካርቡራተሩ አካል ዚንክ ያለበት ቅይጥ ነው፤ የድሮ ጋን ውስጡ በእርሳስና በቆርቆሮ የተለበጠ ነው፤ ውኃ ያለበት ኤታኖል ሁለቱንም ይበላል። ጥቂት ወራት ውኃማ ኤታኖል የጠጣ ካርቡራተር ሲከፈት የነዳጁ ሣህን ግርጌ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ተጋግሮ ይገኛል። ጥፍር ሲነካው ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው ጄቱን ይደፍናል። መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ ኤታኖሉ በጋኑ ውስጥ የከረመውን ዝቃጭ አሟሙቶ ስለሚያመጣው ፊልትሮው በሳምንት ውስጥ ይዘጋል። ብዙ ሰው መኪናው የቆመው በፖምፓ ብልሽት ይመስለውና ደህናውን ፖምፓ ይቀይራል።

የአረቄው ነገር በተለይ ያሳዝነናል፤ ሰው እያመነው ነው። ደህና ዳግም አረቄ 45 በመቶ ገደማ አልኮል ነው፤ የቀረው ውኃ ነው። ሞተር በዚህ አይነሣም። ደግሞ ደጋግሞ በማውጣትም ከ95.6 በመቶ በላይ አይኬድም፤ በጋንና በመቃ እዚያም አይደረስም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ባለ 70ውም 30 በመቶው ውኃ ነው። ለፋብሪካ የሚሸጠው አልኮል ሜታኖል ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። እባካችሁ ጀሪካኑን በአፍ በቱቦ ስባችሁ አታውጡ፤ ልጆችና አረቄ ወዳጅ ሰው ከሚደርስበት ቦታም አታስቀምጡ።

የመጣላችሁን ነዳጅ ቤታችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። አንድ ደረቅ የሃይላንድ ጠርሙስ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ልክ 1,000 ግራም እስኪመዝን ውኃ ጨምሩ፤ ውኃው የደረሰበትን በስክሪፕቶ አስምሩ። ውኃውን ድፉት፣ ጠርሙሱን በደንብ አድርቁት፣ እስከዚያው መስመር ድረስ የመጣላችሁን «ኤታኖል» ሙሉና መዝኑ። 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ንጹሕ ኤታኖል 789 ግራም ይመዝናል። 95 በመቶው 811፣ 90 በመቶው 829፣ 70 በመቶው 885 ይሆናል። 940 ካሳየ በእጃችሁ ያለው አረቄ ነው። ቀኑ ሞቃት ከሆነ አራት አምስት ግራም ሊቀንስ ይችላል። ሜታኖል ክብደቱ ከኤታኖል ጋር ስለሚቀራረብ ይህ ሚዛን አይለየውም።

ከቤንዚን ጋር ቀላቅላችሁ ለመንዳት ለምታስቡ ሁለተኛ ፈተና አለ። በብርጭቆ ዘጠኝ እጅ ቤንዚንና አንድ እጅ አልኮሉን ጨምራችሁ በጥብጡና ሌሊቱን ደጅ አሳድሩት። ጧት ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም ሥር ላይ መስመር ሠርቶ ከተለየ ጋኑም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ድብልቅ የሚሸከመው ውኃ ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ 95 በመቶ የሆነ ኤታኖል እንኳ ብቻውን ያን ያህል ውኃ ይዞ ይመጣል። የተለየው ውኃና አልኮል ከታች ይተኛል፤ ፖምፓው የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። በክረምት ከሐይቁ በሚነሣው እርጥበት፣ ክዳኑ የላላ ጀሪካን ከአየሩም ውኃ ይጠጣል።

ጧት ማስነሣትም ሌላ ጣጣ ነው። ንጹሕ ኤታኖል ከ15 ዲግሪ በታች በቂ ተን አያወጣም፤ በታኅሣሥና በጥር የባሕር ዳር ሌሊት ከዚያ በጣም ይወርዳል። የቤንዚን ማስነሻ ጋን ያልተካተተበት ውል በየጧቱ ባትሪ ያስጨርሳችኋል። ቀን ሲሞቅ ደግሞ በኤታኖል ጋን ውስጥ ያለው አየርና ተን ለእሳት የተመቸ መጠን ላይ ይሆናል፤ የቤንዚን ተን ብዙውን ጊዜ ከመጠን በላይ ስለሚወፍር ጋን ውስጥ አይያዝም፣ የኤታኖሉ ግን ይያዛል። ነበልባሉ በፀሐይ በደንብ አይታይም። ጋኑ አጠገብ ብየዳ እንዳታሠሩ።

ናፍጣ ፒካፕ ላላችሁ ምክራችን አጭር ነው፤ ጨርሶ አትሞክሩት። ኤታኖል በእመቃ ብቻ አይቀጣጠልም፤ የናፍጣው ፖምፓም የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ይነክሳል፤ ብረት ከብረት ተጣብቆ ይቆማል። ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ያላችሁ የጣና ወገኖችም ተጠንቀቁ፤ ተራው ዘይት ከውኃማ ኤታኖል ጋር አይዋሐድም፣ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ሞተሩ ያለ ዘይት ሐይቁ መሀል ይነክሳል።

ቀድሞ ያስቀየረ ካለ ጊዜ አያጥፋ። ጋኑን እስከ ታች አስወጥታችሁ በቤንዚን እጠቡ። የተሰረሰረውን ጄት ጥላችሁ በቁጥሩ ትክክለኛውን አስገቡ፤ ሳጥኗንም አስነቅሉ። ቱቦዎቹን በእጃችሁ እየጨመቃችሁ ፈትሹ፤ የለሰለሰውን ቀይሩ። ፊልትሮውን ቀይሩና ከሳምንት በኋላ ድገሙት። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጣችሁ ስታዩ ወተት የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ዘይቱንም ዛሬውኑ ቀይሩ። የተሰረሰረውን ጄት፣ ከጀሪካኑ የተቀዳ ግማሽ ሊትር ናሙናና ደረሰኛችሁን ግን አትጣሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፤ ወደ ንግድ ቢሮ ስትሄዱ እነዚህን ሦስቱን ይዛችሁ ሂዱ።