በዓይነ ቁራኛ ያየኋቸው ፊልሞች

በዱሮው የአገራችን የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ወይም በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው፣ ከዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ አብረው ይጓዙ፣ አብረው ያድሩ ነበር። አንዱ የሌላው ጠባቂም እስረኛም ነው። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ» ስንል ትዝ የማይለን ይህ ልማድ በሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ፊልም ውስጥ ሥጋ ለብሶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ይህ ታሪካዊ ፊልም አንድን የቅኔ ተማሪ በአንዲት ሴት ምክንያት ከተጣላው ባለ ርስት ጋር አቆራኝቶ ረጅም መንገድ ያስኬዳቸዋል። የፊልሙ ኃይል ያለው በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ አንዱ ሊያርፍ ሲል ሌላው ማረፍ ግድ ሲሆንበት፣ ጠላትነታቸው በንግግር ሳይሆን በእግራቸውና በትንፋሻቸው ይነበባል። ያየነውን መልሰው የሚያስረዱን ንግግሮች አልፎ አልፎ ባይጨመሩበት ኖሮ ከዚህም በላይ እወደው ነበር።

ይህን የምለው ፊልምን የምመዝነው ሰዎቹ ዝም በሚሉበት ጊዜ ስለሆነ ነው። የአማርኛ ፊልም፣ «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ከተሠራ ጀምሮ፣ ብዙዎቹን ተዋንያኑንና ደራሲያኑን ያገኘው ከቴአትር መድረክ ነው። ከዚያ ያማረ አነጋገርና የጠራ ድምፅ ወርሷል፤ ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው እንኳ ታሪኩ የማያመልጠው ፊልም እንዲበዛም አድርጎታል። በየሲኒማ ቤቱ ለዓመታት የነገሡት የፍቅር ኮሜዲዎች ከዚህ ወገን ናቸው። በብዙዎቹ ስቄያለሁ፤ ይሁን እንጂ ከአዳራሹ ከወጣሁ በኋላ በዓይኔ ላይ የቀረ ምስል እምብዛም የለም።

በዓይኔ ላይ ከቀሩት አንዱ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም መሆኑ ብዙ ተነግሮለታል፤ እኔ ግን ለልጆችም ለአዋቂዎችም የሚሆን የቤተሰብ ፊልም መሆኑን ነው ማስቀደም የምፈልገው። እናቱን ያጣው ኤፍሬም የሚባል ልጅ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ቹኒ ከምትባል በጉ ጋር ከዘመዶቹ ዘንድ በተራራማ አገር ይቀራል። አጎቱ በጓ ለመጪው በዓል እንድትታረድ ይወስናል። ልጁ የሚወደው ሥራ ደግሞ ምግብ ማብሰል ነው፤ በዚያ ቤት ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ መገኘቱ እንደ ነውር ይቆጠራል። ኤፍሬም ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ላይ እየሸጠ የመመለሻውን ገንዘብ ለማጠራቀም ይጥራል።

እዚህ ላይ ፊልሙ ሐዘኑን አይተርክልንም። እናቱን እንዴት እንደሚናፍቅ የምናውቀው ሊጥ ሲዳምጥ እጁ ከሚያሳየው ጥንቃቄ ነው፤ ሙያው ከእርሷ የተማረው፣ ከእርሷም የቀረለት ነውና። አረንጓዴው ተራራ በውበቱ ዓይን ይማርካል፣ ልጁን ግን አያጽናናውም፤ ይህን ተቃርኖ ዳይሬክተሩ አንድም ቃል ሳያባክን ይዞታል። ልጆች ላሏቸው ወዳጆቼ ሁሉ ይህንን ፊልም እመርጥላቸዋለሁ፤ የበጓ ዕጣ ስሜተ ስስ የሆኑ ትንንሽ ልጆችን ሊያስጨንቅ ስለሚችል ግን ወላጅ አብሯቸው ቢቀመጥ መልካም ነው።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» የፍርድ ቤት ፊልም በመሆኑ ብዙ መናገሩን አልነቅፍበትም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችውና ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችው የ14 ዓመቷ ሂሩት ታሪክ ከእውነተኛ ክስ የተወሰደ ነው። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊም በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት የሕግ ባለሙያ ናቸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። እኔ በተለይ የማደንቀው የሜሮን ጌትነትን ትወና ነው፤ የጠበቃዋን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው አድማጭ አድርጋ ነው፤ ልጅቷ ቃል ሲያጥራት እርሷም አብራት ትጠብቃለች። የሽማግሌዎቹ ሸንጎም ጥሩ ተሠርቷል፤ ዳይሬክተሩ ሽማግሌዎቹን ክፉ ሰዎች አላደረጋቸውም፣ በያዙት ልማድ ከልባቸው የሚያምኑ ሰዎች አድርጎ አሳይቷቸዋል፤ ስለዚህም ይበልጥ ያስፈራሉ። ከከተማው ትዕይንቶች አንዳንዶቹ መረጃ ለማቀበል ብቻ የገቡ ይመስላሉ።

ከዘጋቢ ፊልሞች የጄሲካ በሽርን «ፋያ ዳዪ» የሚያህል አላየሁም። ዳይሬክተሯ ባደገችበት በሐረርና በአካባቢው፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። ጫት ከእርሻው ተለቅሞ፣ ታስሮ፣ በሌሊት ተጭኖ ለገበያ ሲጣደፍ ያሳያል፤ ነገር ግን ስለ ጫት ትምህርት የሚሰጥ ፊልም ለማየት የሚገባ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ተራኪ ቆሞ አያስረዳንም፣ ቁጥር አይጠቅስም። ፊልሙ ራሱ የምርቃናን አካሄድ ይዟል፦ ጊዜ ይረዝማል፣ የዕጣን ጢስ በክፍሉ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ የዘላለም ሕይወት ውኃ ፍለጋ የሄደው ሰው አፈ ታሪክ ለመሰደድ ከሚያስቡ ወጣቶች ወግ ጋር ይቀላቀላል። በቤቴ በትንሽ ስክሪን ስጀምረው ግማሹን ሳላይ ዘጋሁት። በኋላ በጨለማ ክፍል፣ በትልቅ ግድግዳ ላይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሳየው ሁለቱ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላወቅሁም። ስለዚህ በስልክ እንዳታዩት አጥብቄ እመክራለሁ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ወስዷል። በጀርመን አገር የተማረው አንበርብር፣ አብዮቱንና ስደትን አልፎ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። መንደሩ የሚጠብቀው የተማረ ልጁ መፍትሔ ይዞ እንዲመጣ ነው፤ እርሱ ግን የገዛ ትዝታው እንኳ ተሰባብሮበታል። ፊልሙ ከመንደሩ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚዘል የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከባድ ነው። አብረውኝ ማየት የጀመሩ ሰዎች እዚያ ላይ ሲተዉት አይቻለሁ፣ በጣምም ይቆጨኛል። መሰባበሩ የሰውየው አእምሮ መሰባበር ነውና ታግሦ የተከተለው ተመልካች ቁርጥራጮቹ አንድ በአንድ ሲገጣጠሙ ያያል። የጆርጋ መስፍንና የቪጄ አየር ሙዚቃም በዚህ ላይ ብዙ ያግዛል፤ ሐዘንን አያጋንንም፣ ከሰውየው ጎን ጎን ይሄዳል።

ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሦስተኛውን ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው። የአፈሳው ትዕይንት ላይ፣ ወታደሮች ልጆቹን ለጦርነት ሲያሳድዱና ልጆቹ በዋሻ ሲሸሸጉ፣ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ፊልሙ እስኪያልቅ አላወረደችውም። መብራቱን ካበራሁ በኋላም ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም አለች። ከዚያ ሲኒውን እያቀበለችኝ፣ ታናሽ ወንድሟን በጎተራ ውስጥ ደብቀው ስንት ሌሊት እንዳሳደሩት፣ ሳል እንዳይሰማበትም ማር እየላሰ እንደቆየ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ቀን ነግራኝ የማታውቀውን ታሪክ ነገረችኝ።