ስምንት ወር ከአንድ ሸክላ ጋር፦ የ«505» ነገር

የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የአርክቲክ መንኪስን ሁለተኛ አልበም፣ «ፌቨሪት ወርስት ናይትሜር»ን፣ በሸክላ ከገዛሁት ስምንት ወር ሆነኝ። እዚሁ ለንደን፣ ሃያ ምናምን ፓውንድ አውጥቼ። አልበሙ ስልኬ ላይ ለዓመታት ኖሯል። ሸክላውን የገዛሁት ለአንድ ዘፈን ስል ነው፤ ለመጨረሻው፣ ለ«505»። አበላሽቶ የሚያጫውተውም እሱኑ ነው።

ዘፈኑን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኤንዮ ሞሪኮኔ ለካውቦይ ፊልም ከሠራው ሙዚቃ በተወሰደ ኦርጋን ቀስ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ እየገነነ ይሄድና መጨረሻው ላይ ከበሮውና ጊታሩ አንድ ላይ ይፈነዳሉ። እኔ ቤት ያኔ የዘፋኙ የአሌክስ ተርነር «ስ» ሁሉ «ሽ» ትሆናለች። ጸናጽሉ ደግሞ እርጥብ ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያወጣውን ድምፅ ያወጣል።

መጀመሪያ አቧራ መስሎኝ ጠረግኩት። ቀጥሎ ክብ ጫፍ የነበረውን መርፌ ሞላላ ጫፍ ባለው ቀየርኩ። ትንሽ ሻል አለው፤ አልዳነም። ሸክላውን የሸጠልኝ ልጅ ጋ ሄጄ ብነግረው «የሸክላ ድምፅ እኮ ሞቅ ያለ ነው» አለኝ። መልሱ የመጣልኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው፦ ወንድሜ፣ ይሄ ሙቀት አይደለም፣ ትኩሳት ነው!

ነገሩ ወዲህ ነው። ሸክላው በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ ይዞራል፣ ይሄ አይለወጥም። ግን ዳር ላይ አንዱ ዙር ሰፊ ነው፤ መሃል ሲደርስ ከግማሽ በታች ይሆናል። ስለዚህ ዳር ላይ ተንደላቆ የተጻፈው ድምፅ መሃል ላይ ይጠቀጠቃል፣ መርፌውም ቀጫጭኑን ድምፅ መከተል ያቅተዋል። የ«505» ፍንዳታ ደግሞ የወደቀው ከሁሉም ጠባቡ ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፊት በለስላሳው «ኦንሊ ዋንስ ሁ ኖው» ስለሚያልቅ እዚያ ብልሽቱ አይሰማም። ይሄን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም።

አዲስ አበባ ላለው አባቴ በስልክ አማረርኩ። የእሱ ሸክላዎች የአሳታሚው የአምሃ እሸቴ ዘመን ትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ናቸው፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን። «ታዲያ አስራ ሁለቱን ዘፈን አንድ ሸክላ ላይ ምን አጨቃቸው?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሌላው ደህና ነው። «ብራያንስቶርም» ዳር ላይ ስለተቀመጠ የማት ሄልደርስ ከበሮ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የታች ጎረቤቴ ምስክር ነው። የመጀመሪያው አልበማቸው በ2006 ያንን ሁሉ ጉድ ከሸጠ በኋላ፣ ባሲስታቸው ወጥቶ በአዲስ ሰው፣ በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ ይሄን ማምጣታቸው አሁንም ይገርመኛል።

መልሼ ልሸጠው? ሁለቴ ካርቶን ውስጥ ከትቼው አውጥቼዋለሁ። አሁን ከ«505» በፊት መርፌውን አነሳና ዘፈኑን ከስልኬ እከፍተዋለሁ። ሚስቴ አይታኝ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ሳታይ ነው የማደርገው።

ትናንት ማታ ግን ማንሳቱን ረሳሁ። ዕቃ እያጠብኩ ነበር፣ ውሃው ይወርዳል። ዘፈኑ መጣ፣ ገነነ፣ ፈነዳ። «ሽ» የሚል የለም! እጄ ሳሙና እንደሆነ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋሁት። ሽንኩርቱ ተመልሶ መጣ።